በገዛ ጆሮዬ

አባቴ ያቺን ወሬ ባወራ ቁጥር ሰው ይስቃል። የዘመድ ሠርግ ላይ አውርቷታል። የጎረቤት ልጅ ምርቃት ላይ አውርቷታል። ሊተዋወቀው የመጣውን እጮኛዬን ሶፋ ላይ አስቀምጦ፣ ሻይ እንኳ ሳይቀዳለት አውርቷታል። «ይቺ ልጄ ትንሽ ሳለች» ይላል ትከሻዬን መታ መታ እያደረገ፣ «ካርቶን ሳልከፍት ውስጡ ያለውን አምፕሊፋየር የምሰማው ይመስላት ነበር!» ከዚያ ሁለት እጁን አየር ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ይጨፍናል። ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። ሴቶቹ «ውይ፣ ስታሳዝን!» ይላሉ። እኔም ስንት ዘመን አብሬ ጥርሴን ሳሳይ ኖርኩ።

አሁን ግን በቃኝ። ያቺ ወሬ የኔ ናት። ከኔ ወስዶ፣ ገልብጦ፣ ሳቅ ቀብቶ ሲያዞራት ነው የኖረው። ስለዚህ እኔ ልናገራት፣ እንደነበረች። ስናገር ድምፄ ከፍ ካለ ይቅርታ አልጠይቅም። መኪና መንዳት ነው የማስተምረው፤ ቀኑን ሙሉ አንድ እግሬን ፍሬን ላይ አድርጌ የሰው ነፍስ ስጠብቅ ስለምውል ቁጣዬ ቅርብ ነው ይሉኛል። ይበሉ።

አባቴ ለሙዚቀኞች በሚታተም አንድ መጽሔት ላይ ይጽፍ ነበር። ነጋዴዎች ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የጊታር አምፕሊፋየር ይልኩለታል፤ እሱ ድምፁን ሰምቶ ይፈርዳል። ዓምዱ «በገዛ ጆሮዬ» ይባላል። ሌላው ጸሐፊ ለዕቃ ኮከብ ሲሰጥ አባቴ የሚሰጠው ጆሮ ነበር፤ ከጽሑፉ ግርጌ ትንንሽ የጆሮ ሥዕሎች ተደርድረው ይታተማሉ። አምስት ጆሮ ያገኘ አምፕ ከሱቅ ወዲያው ያልቃል። ሙዚቀኞቹ አባቴን ራሱን «ጆሮ» ነበር የሚሉት። «ጆሮ ምን አለ?» ሳይሉ ገመድ እንኳ አይገዙም። መንገድ ላይ ፀጉራቸውን ያስረዘሙ ትልልቅ ሰዎች ጎንበስ ብለው ሲጨብጡት እኔ በሌላ እጁ ተንጠልጥዬ አናታቸውን አያለሁ። አባቴ ንጉሥ መስሎኝ ነበር።

ከሳሎናችን ቀጥሎ ያለችው ክፍል «መስሚያ ክፍል» ትባል ነበር። ግድግዳዋ ላይ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ተለጥፏል፣ ወለሏ ላይ ወፍራም ምንጣፍ አለ፣ አቧራና አዲስ ፕላስቲክ ትሸታለች። አባቴ እዚያ ገብቶ በሩን ሲዘጋ ቤቱ ትንፋሹን ይውጣል። እናቴ ሬዲዮውን ታጠፋለች፣ የስፌት መኪናዋን ታቆማለች፣ የሚንተከተከውን ድስት ክዳን እንዳያንኳኳ ፎጣ ጣል ታደርግበታለች። «ዝም በይ፣ አባትሽ እየሰማ ነው» ትለኛለች በሹክሹክታ። እኔም ጫማዬን አውልቄ በካልሲ፣ በጣቶቼ ጫፍ እሄዳለሁ። ከዚያች ክፍል ግን ምንም ድምፅ ወጥቶ አያውቅም። እንኳን የጊታር፣ የሳል ድምፅ አይወጣም። ይሄ ለኔ እንቆቅልሽ አልነበረም፤ ድምፁን ሁሉ አባቴ ጆሮው ውስጥ የሚያስቀረው ነበር የሚመስለኝ። ካደግኩ በኋላ አንድ ቀን መኪና ውስጥ ተማሪ ስጠብቅ ድንገት ነው የገባኝ። ሰውዬው ይተኛ ነበር።

በጓሮ በኩል ባለችው ክፍል ደግሞ የእናቴ ታናሽ ወንድም ይኖር ነበር። አጎቴ ሆቴል ውስጥ ለሚጫወት ባንድ ጊታር ይመታል፤ ቀን ቀን ይለማመዳል። የሱ ክፍል በተራዋ ድምፅ ብቻ ናት። አምፑ ከሱ በፊት በብዙ ሰው እጅ ያለፈ፣ የፊቱ ጨርቅ የተቀደደ፣ እግሩ ጎድሎ በቡሽ የተደገፈ አሮጌ ነበር። «ሽማግሌው» ነው የሚለው። ሽማግሌው ሲሰካ መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ቀጥሎ ጉሮሮውን እንደሚጠርግ ሰው ኸኸኸ ይላል፣ ከዚያ ዝቅ ያለ፣ ትንሽ ሻከር ያለ ድምፅ ያወጣል። «ቆይ፣ ይንቃ» ይለኛል አጎቴ። «አሁን ነይ፣ ጭራሮ።» ጭራሮ የሚለኝ ከቅጥነቴ የተነሳ ነው። ጣቴን ይዞ ወፍራሙን ክር ያስመታኛል፤ ድምፁ በደረቴ ይገባና ሆዴ ውስጥ ይቀመጣል። ጥሩ ድምፅ ይሁን መጥፎ እኔ በምን አውቄ። ሆዴ ውስጥ ይቀመጥ እንደነበር ግን እስከ ዛሬ አውቃለሁ።

አንድ ቀን ራት ላይ አጎቴ እህል አልወርድ ብሎት ሳህኑን ሲነካካ ቆየ። የባንዱ መሪ አስጠንቅቆት ነበር። ስቱዲዮ ገብተው ካሴት ሊቀዱ ነው፤ ለባንዱ የመጀመሪያው ነው። የሚያጉረመርም አምፕ ደግሞ ስቱዲዮ አይገባም። ወይ አምፑን ይቀይር፣ አለዚያ ሌላ ጊታሪስት ይመጣል።

«ጋሼ፣ ምን ልግዛ ይላሉ?» አለው አባቴን። አጎቴ አባቴን ሁልጊዜ «እርስዎ» ነበር የሚለው፤ በዕድሜም ይበልጠዋል፣ የእህቱም ባል ነው፣ ከዚያም አልፎ ጆሮ ነው።

አባቴ አኝኮ እስኪጨርስ ሁላችንንም አስጠበቀን። «አንድ አዲስ ተልኮልኛል። ልስማውና እነግርሃለሁ» አለ።

«እርስዎ ካሉኝ አበቃ» አለ አጎቴ። ፊቱ በርቶ ሳህኑን ጠርጎ በላ።

በማግስቱ ከሰዓት እናቴ ሻይ አስይዛ ወደ መስሚያ ክፍል ላከችኝ። አባቴ ታይፑ ፊት ተቀምጧል። አጠገቡ እኔን አገጬ ድረስ የሚመጣ ካርቶን ቆሟል፤ ከላይ እስከ ታች በሰፊ ቢጫ ፕላስተር ተጠቅልሏል፣ ጎኑ ላይ የተሰበረ ብርጭቆ ሥዕል አለው። አባቴ ብርጭቆውን ከእጄ ተቀበለና ካርቶኑ ላይ አስቀመጠው። ጉልበቱ ላይ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ቀለም ወረቀት ተዘርግቷል። ወረቀቱን አየት ያደርጋል፣ ታይፑን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ደግሞ አየት፣ ደግሞ ቀጭ ቀጭ። ኋላ ትምህርት ቤት ልጆች ሲኮርጁ ሳይ ያንን የአንገት አዟዟር የት እንደማውቀው ግራ ገብቶኝ ነበር።

«አባዬ፣ ካርቶኑን አትከፍተውም?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። «ለምን ብዬ? እኔ ጆሮ አይደለሁ? ከውጭ ይሰማኛል።» ሁለት እጁን ካርቶኑ ላይ አሳርፎ ዓይኑን ጨፈነ። «ሽሽሽ… አዎ። ሞቅ ያለ ነው። ሞቅ ያለ ድምፅ። ነይ ስሚ።»

ይሄን ያለኝ እሱ ነው። «ይመስላት ነበር» የሚለው ይሄንን ነው።

እኔም ጆሮዬን ካርቶኑ ላይ ለጠፍኩ። ድም፣ ድም፣ ድም የሚል ነገር ይሰማኛል። የራሴ የደም ሥር መሆኑን የሚነግረኝ ማን አለ? ብርጭቆውን ሲያነሳ እጄን ቦታው ላይ አደረግኩ። እውነትም ይሞቃል! «አባዬ፣ ሞቅ ያለ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አባቴ ሻዩ ትን እስኪለው ሳቀ። ከዚያ ወደ ታይፑ ዞረና ጻፈ። «ሞቅ ያለ፣ ወፍራም፣ የልብ ወዳጅ አጠገብህ ተቀምጦ የሚያወራህ የሚመስል ድምፅ።» አንብቦልኛል። እኔ ይሄን ዓረፍተ ነገር እንደ መዝሙር ሸምድጄው ለአሻንጉሊቴ ሁሉ ሳወራው ከረምኩ። የሻይ ብርጭቆ ሙቀት አምስት ጆሮ አገኘ።

ለምን እንዳልከፈተው ያወቅኩት ኋላ ነው። ያልተከፈተ ዕቃ እንደ አዲስ ይሸጣላ። ነጋዴውም «ለእርስዎ ይሁን» ብሎ የሰጠው ነው፤ በሚቀጥለው ወር መጽሔቱ ሲወጣ የኋላ ሽፋኑ ሙሉ ገጽ የነጋዴው ማስታወቂያ ነበር። እኔ ግን ያን ጊዜ የኛ አምፕ ውስጥም ውጭም በመውጣቱ ኮርቼ ገጹን እያገላበጥኩ ለሰፈር ልጆች አሳይ ነበር።

አጎቴ ጽሑፉን ጓሮ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበው። አንብቦ ሲጨርስ መጽሔቱን ሳመው። በማግስቱ ሽማግሌውን በጋሪ ጭኖ ሱቅ ወሰደና በልዋጭ ሰጥቶ፣ የጎደለውን ከባንዱ ተበድሮ አዲሱን ይዞ መጣ። እኔ ሽማግሌው ሄደ ብዬ አለቀስኩ። «አይዞሽ ጭራሮ፣ አርጅቶ እኮ ነው፣ ጡረታ ወጣ» አለኝ።

አዲሱ የሚያምር ነገር ነበር። ጥቁር ቆዳ፣ የብር ቁልፎች፣ ሲበራ የምትቀላ ትንሽ መብራት። አጎቴ ጊታሩን ሰክቶ አንዴ መታ። ደግሞ መታ። ቁልፎቹን ወዲህ ወዲያ አዟዟረ። እኔ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ድምፁ ሆዴ ውስጥ እስኪገባ ጠበቅኩ፤ አልገባም። ጆሮዬ አካባቢ እንደ ትንኝ ዞሮ ጠፋ።

«ቀጠነብኝ ልበል?» አለ ለራሱ። ከዚያ ራሱን ነቀነቀ። «አይ፣ ጋሼ ሰምተውታል። የኔ ጆሮ ነው። ሽማግሌው አበላሽቶኛል።»

እስከ ዛሬ ከሁሉም ቆሽቴን የሚያሳርረው ይሄ ነው። ሰውየው ጆሮ ነበረው! በጆሮው እንጀራ የሚበላ ሰው፣ በገዛ ጆሮው የሰማውን ትቶ ማንም ያልሰማውን አመነ። ቀኑን ሙሉ ቁልፍ እያዟዟረ ወረቀት ላይ የተጻፈውን ሙቀት ሲፈልግ አይቻለሁ። እኔ ደግሞ ልረዳው ብዬ አምፑን ከላይ በእጄ ነካሁት። ይፋጃል። «አጎቴ፣ ሞቅ ያለ ነው እኮ!» አልኩት። «አየሽ? አንቺም ገባሽ» አለኝ።

በዚያው ሳምንት ራት ላይ እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ።

«ጋሼ፣ ክሩን ስይዝ ትንሽ ይነዝረኛል።»

አባቴ ከሳህኑ ቀና አላለም። «አዲስ ስለሆነ ነው። ሞቅ ሲል ይተወዋል።»

«አይ፣ እርስዎ ሲሞክሩትስ እንዲህ ያደርግ ነበር ወይ ብዬ ነው።»

«ትንሽ ትንሽ። ሁሉም አዲስ ዕቃ ያደርገዋል። ብላ ይልቅ።»

እናቴ ወጥ ጨመረችለት። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። እናቴ ሬዲዮ ላይ የምትወደው ዘፈን ሲመጣ «ውስጤን ነዘረኝ» ስለምትል፣ አጎቴም አዲሱን አምፕ ከመውደዱ የተነሳ እየነዘረው ነው ብዬ ነበር። አምፑ ውስጥ አንድ ሽቦ ቆዳው ላጥ ብሎ ብረቱን ይነካ እንደነበር፣ የዚያ ጭነት ዕቃ በሙሉ ገና ሲሰካ እጅ ይነዝር እንደነበር ኋላ ነው የተወራው። አዋቂ መሆን አያስፈልግም። ጆሮም አያስፈልግም። ፕላስተሩን ቀድዶ፣ ሰክቶ፣ አንድ ጣት ማስነካት ይበቃ ነበር። አባቴ ያስነካው ካርቶኑን ነው።

ስቱዲዮ ሊገቡ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው አጎቴ ከትምህርት ቤት እስክመለስ ጠብቆኝ የሚቀዱትን ሙዚቃ ሊያሰማኝ ጓሮ ወሰደኝ። ዝናብ አባርቶ ግቢው ረጥቧል። ክፍሉ ሙቀት ስለነበረው የብረት በሯን ክፍት ትቷታል፤ እኔ ደጃፉ ላይ ቆምኩ። ጊታሩን አንገቱ ላይ አጥልቆ፣ በባዶ እግሩ ሆኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይመታል። ነፋስ መጣና በሩን ገፋው። አጎቴ ግራ እጁን ከክሩ ሳያነሳ በቀኝ እጁ በሩን ያዝ አደረገ።

ከዚያ ጨፈረ። ያየሁት እንደዚያ ነው። ትከሻው ተንዘረዘረ፣ አንገቱ ወደ ኋላ ሄደ፣ ጥርሱ ታየ፣ እግሩ መሬቱን ይደበድባል። አምፑ ከዚያ በፊት ሰምቼው የማላውቀውን ድምፅ ጮኸ። ይሄኔ ነው አጎቴ ሙዚቃው ውስጥ የገባ የመሰለኝ። እኔም አጨበጨብኩ። ልጅ ነበርኩ፣ ሰው ሲጨፍር ይጨበጨባል፤ ለዚያ ማንም ሊወቅሰኝ አይችልም።

እናቴ ድምፁን ሰምታ ከስፌቷ ተነስታ መጣች። መርፌዎቿን በከንፈሯ እንደያዘች ነው። «ኮረንቲ! ኮረንቲ ያዘው!» ስትል መርፌዎቹ ተበተኑ። ገመዱን በመጥረጊያ እንጨት ጎትታ ከሶኬቱ ነቀለችው። አጎቴ እንደ ጆንያ ወደቀ። የግራ እጁ ጣቶች ላይ ክሮቹ ያረፉበት ቦታ ሁሉ ጥቁር መስመር ወጥቶበታል። የተቃጠለ ፀጉር የሚመስል ነገር ሸተተኝ።

ሐኪም ቤት ቆይቶ ሲመለስ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል። አልጋው ላይ ሆኖ ጣራ ጣራ ያያል። ባንዱ ሌላ ጊታሪስት ይዞ ስቱዲዮ መግባቱን እናቴ ለአባቴ በሹክሹክታ ስታወራ ሰምቻለሁ። ሐኪሙ ሁለቱ ጣቶቹ ከእንግዲህ አይታጠፉም ማለቱንም ሰምቻለሁ። አባቴ ሊጠይቀው ገብቶ «ከሶኬቱ ነው። የዚህ ክፍል መስመር አሮጌ ነው፣ አንተም በባዶ እግርህ!» ሲለው ነበር። አጎቴም «አዎ ጋሼ፣ የኔው ጥፋት ነው» አለ።

አባቴ ሲወጣ እኔ ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ላጽናናው ፈለግኩ። ልጅ ያለውን ነው የሚሰጠው፤ እኔ ያለኝ ትልቁ ነገር የአባቴ ተአምር ነበር። እስከዚያ ቀን ለማንም አልነገርኩትም፣ ምስጢራችን ነበር።

«አጎቴ፣ አንድ ነገር ልንገርህ? አባዬ እኮ አምፑን የሰማው ካርቶኑን ሳይከፍት ነው።»

«እ?»

«እጁን ብቻ አድርጎበት። ከውጭ ይሰማዋል። እስካሁንም እንደታሸገ ነው፣ መስሚያ ክፍል አለ።»

አጎቴ ለረጅም ጊዜ አየኝ። የተገረመ መሰለኝና ደስ አለኝ። ከዚያ ተነሳ። በፒጃማው፣ ፋሻውን ደረቱ ላይ ይዞ ግቢውን አቋረጠ፤ እኔ ከኋላው ዱብ ዱብ እያልኩ ተከተልኩት። የመስሚያ ክፍሉን በር ሳያንኳኳ ከፈተው። ይሄን የሚያደርግ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

ካርቶኑ ቦታው ላይ ቆሟል። ቢጫ ፕላስተሩ ከላይ እስከ ታች እንዳለ ነው። አናቱ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክቦች አሉ፤ አንዱ በአንዱ ላይ፣ አዲሱ በአሮጌው ላይ። አጎቴ በደህና እጁ ፕላስተሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰው።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድነው?»

አባቴ ከወንበሩ ተነሳ። «እሱ ሌላ ነው። አሁን የመጣ፣ ሌላ ሞዴል።»

አባቴ ሊዋሽ እንደሚችል አላውቅም ነበርና የረሳ መሰለኝ። ልረዳው ዘልዬ ገባሁ። «አይደለም አባዬ፣ ያው ነው እኮ! የሻይህ ምልክት አለበት! እኔም ሰምቼዋለሁ፣ ሞቅ ያለ ነው ብለኸኛል!»

አጎቴ ወደ አባቴ ዞረ። «ሰምተኸዋል?» አለው።

ጆሮዬን አላመንኩም። *ሰምተኸዋል* አለው። እርስዎ አላለም። ትልቅ ሰውን፣ በእህቱ ቤት፣ አባቴን «አንተ» አለው።

«ሰምተኸዋል ወይ ነው የምልህ!»

«አፍህን ሰብስብ!» አለ አባቴ። «ማን ቤት ውስጥ እንዳለህ አትርሳ!» ድምፁ ግን ከወትሮው ቀጥኖ ነበር። እናቴ እየሮጠች ገባች። ካርቶኑን አየች፣ ወንድሟን አየች፣ ባሏን አየች። ሁሉንም ካየች በኋላ ዞራ በጥፊ ያጮለችው እኔን ነው።

«ወሬኛ! አፍሽን ዝጊ!»

አጎቴ ያንኑ ዕለት ሻንጣውን ይዞ ወጣ። አምፑን ጓሮ ጥሎት ሄደ። እኔ የተባረረው ባለጌ ስለሆነ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ትልቅ ሰው «አንተ» ስላለ። ጥፊውም የኔ ድርሻ መሰለኝ፣ የነገርኩት እኔ ስለሆንኩ። እናቴ ደግሞ እስከ ዛሬ ይሄን ከመድገም አልቦዘነችም። ሆድ በባሳት ቁጥር «በአንቺ አፍ ወንድሜን አጣሁ» ትለኛለች። ቤት ውስጥ ስሜ ወሬኛዋ ሆነ። ወሬኛዋ እየተባልኩ ከማንም ጋር የማላወራ ልጅ ሆኜ አደግኩ። አባቴ ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ታሪኩን በሳቅ ማውራት ጀመረ። ዘዴውን አያችሁ? ልጅቱ ሞኝ ከሆነች የታሸገ ካርቶን አልነበረም ማለት ነው። ጆሮም መስጠቱን ቀጠለ፤ የሚያምነው አላጣም።

አጎቴን ያገኘሁት እናቴ ሳታውቅ ፈልጌው፣ እኔ አድጌ፣ እሱ ፀጉሩ ሸብቶ ነው። የሕዝብ አውቶቡስ ሹፌር ሆኖ ነበር። ሁለቱ ጣቶቹ መሪው ላይ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ የቀሩት ይይዛሉ። መንዳት ያስተማረኝ እሱ ነው። እንጀራ የምበላበትን ሙያ የሰጠኝ ያ እጅ ነው። ባዶ ሜዳ ላይ እያዞርኩ ሳለሁ «ይቅርታ አድርግልኝ፣ በኔ አፍ ነው» አልኩት። መኪናውን እንዳቆም አዘዘኝ።

«ጭራሮ፣ ስሚኝ» አለኝ። «አንቺ ባትነግሪኝ ምን ይሆን ነበር? ዕድሜ ልኬን ራሴን ስረግም፣ እሱን ጋሼ፣ እርስዎ እያልኩ እኖር ነበር። በዚያ ቤት እውነቱን የነገርሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ። ደግሞ ሳታውቂው። አሁን ማርሽ አስገቢ።»

ማርሹን አስገባሁ። ዓይኔ አላሳይ ብሎኝ ሜዳውን ሁለቴ ዞርኩት። ከዚያ ወዲህ አንድም ተማሪ ሲነዳ ሳላየው ነድቷል ብዬ ፈርሜ አላውቅም።

እንግዲህ ባለፈው ወር የሙዚቀኞች ማኅበር ለአባቴ የምስጋና ዝግጅት አደረገለት። ጽሑፎቹ በመጽሐፍ ታትመው ወጡ፤ ርዕሱ ያው «በገዛ ጆሮዬ» ነው፣ ሽፋኑ ላይ ትልቅ ጆሮ ተሥሏል። አዳራሹ ሞልቷል። ያኔ ረጃጅም ፀጉር የነበራቸው ሰዎች አሁን መላጣ ሆነው ፊት ረድፍ ተቀምጠዋል። የቀድሞው የመጽሔቱ ዋና አዘጋጅ «ይሄ ጆሮ ስንቱን ሙዚቀኛ ከመታለል አዳነ!» አለ። ተጨበጨበ። መጽሐፉን እያገላበጥኩ ነበር። ገጹን አገኘሁት። ሞቅ ያለ፣ ወፍራም፣ የልብ ወዳጅ አጠገብህ ተቀምጦ። አምስት ጆሮ። አላወጡትም። ያንን ጽሑፍ አላወጡትም! እንደ ክብር ድጋሚ አትመውታል።

አባቴ ማይክራፎኑን ተቀበለ። ብዙ አመሰገነ፣ ብዙ አሳቀ፣ በመጨረሻ ወደኔ ጠቆመ። «ያቻትና ልጄ። ትንሽ ሳለች ካርቶን ሳልከፍት የምሰማ ይመስላት ነበር!» እጁን አየር ላይ አሳረፈ። ዓይኑን ጨፈነ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «እስቲ አንድ ነገር በይ» ብሎ ከመድረኩ ወርዶ ማይኩን በእጄ አስያዘኝ።

ማይኩ ሞቅ ብሏል፣ ከእጁ። እናቴ አጠገቤ ሆና ቀሚሴን ያዘች። «ተይ ልጄ፣ ሰው ፊት ነው» አለችኝ። ተነሳሁ።

«አልመሰለኝም» አልኩ።

አንዳንዶች ገና እየሳቁ ነበር።

«አልመሰለኝም፣ አይቻለሁ። ካርቶኑ ዝግ ነበር። ከውጭ ይሰማኛል ያለኝ እሱ ራሱ ነው። ሻይ እያስቀመጠበት፣ ከነጋዴው ወረቀት እየገለበጠ አምስት ጆሮ ሲሰጠው አይቻለሁ። ጽሑፉ መጽሐፉ ውስጥ አለ፣ አንብቡት። የእናቴ ወንድም ያንን አምኖ ገዛው። ይነዝረኛል ብሎ ሲጠይቀው፣ ሞቅ ሲል ይተወዋል አለው። ኮረንቲ ያዘው። ከዚያ ወዲህ ጊታር ነክቶ አያውቅም።»

«ልጅ ነበረች እኮ!» አለ አባቴ ወደ ሰዉ ዞሮ፣ እየሳቀ። አብሮት የሳቀ ሰው የለም።

«ልጅ ነበርኩ» አልኩ። «ካርቶኑ ግን ዝግ ነበር።»

የመጽሔቱ አዘጋጅ ማይኩን ሊቀበለኝ እጁን ዘረጋ። ይሄኔ ከኋላ ረድፍ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ የፊቱን ወንበር ተደግፈው ተነሱ። አላውቃቸውም። የጊታር ሰው መሆናቸውን ያወቅኩት የቀኝ እጃቸውን ጥፍር እንዳስረዘሙ ሳይ ነው።

«ልጄ» አሉኝ። «የኔንስ? የኔንስ ከፍቶት ነበር?»

«አላውቅም አባቴ» አልኳቸው። «እኔ ያየሁት አንዱን ነው። እሱን ይጠይቁት።»

ማይኩን ለአባቴ መለስኩለት። ያዘው። ወደ አፉ አስጠጋው፣ ደግሞ ዝቅ አደረገው። አዳራሹ እንደ መስሚያ ክፍሏ ጸጥ አለ። እናቴ ቀሚሴን ለቀቀችው። አዘጋጁ «እሺ፣ ወደሚቀጥለው ፕሮግራም…» ማለት ጀምሮ ነበር።

ሽማግሌው ግን አልተቀመጡም።